ታች ስንት፣ ላይ ስንት

ጋሮማን ገና ያየሁት ቀን ጠላሁት። ምን እደብቃለሁ! እኔ ገብረየስ ሃያ ሁለት ዓመት ላሜራ ስቆርጥ፣ ሳጥፍ፣ ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ፣ የትናንት ልጅ፣ ላፕቶፕ ታቅፎ መጣና «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አርባ ቀዳዳ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሃያ አራት ትበሳልኛለህ» አለኝ። «ለምን ሲባል?» «አየሩ እንደዚህ ስለሚሄድ።» የታለ አየሩ? ላፕቶፑን አዞረልኝ። እኔ ገና ያልነካሁት ሳጥን ስክሪኑ ላይ ተገትሯል። ከታች ሰማያዊ ሆኖ የገባው አየር ውስጥ ለውስጥ እየተጥመለመለ ቢጫ ይሆናል፣ ይቀላል፣ በላይ በኩል ይወጣል። «አንተ፣ በኮምፒውተር ንፋስ ታነፍሳለህ እንዴ?» ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። ወርክሾፑ በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ቀዳዳዎቹን ግን አንድ ሳይቀንስ አስበሳኝ።

ወርክሾፓችን ሰበታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር። የምንሠራው መብራት ሲጠፋ ከሶላርና ከባትሪ ኃይል እየወሰደ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሳጥን ነው፤ ለወተት ማቀዝቀዣ፣ ለውኃ ፓምፕ፣ ለክሊኒክ። ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ይግላል። ሙቀቱ ካልወጣለት ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይነዳል። የጋሮማ ሥራ ሳጥኑ ከመሠራቱ በፊት የት ላይ እንደሚግል፣ በየት እንደሚተነፍስ በሶፍትዌሩ አስቀድሞ ማየት ነበር። የእኔ ደግሞ እሱ ያለኝን መብሳት። በቃ።

የቡራዩ ልጅ ነው። እናቱ ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዱርሲቱ ናት። አባቱ ኦቦ ኢተፋ ገበሬ ነበሩ። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር መጣና ቀያሾች የጤፍ ማሳቸው መሃል ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ። ሽማግሌው ነቀሉት። እነሱ ተከሉ፣ እሳቸው ነቀሉ። በሦስተኛው የመጡት ቀያሾች ሳይሆኑ ዱላ የያዙ ናቸው። ኦቦ ኢተፋ ደም እየሸኑ ስድስት ወር ተኝተው ሞቱ። ጋሮማ ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ይሄን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ድሪሉ እየጮኸ የማልሰማው መስሎት። ሰምቼዋለሁ።

የመጀመሪያ ሳጥኑ ሱሉልታ፣ አንድ የወተት ማሰባሰቢያ ተተከለ፤ በዘጠነኛው ቀን ተቃጠለ። ደስ አለኝ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። «ንፋስህ የት ሄደ?» እያልኩ ሦስት ቀን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣሁት። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ደም መስሎ መጣና በሁላችን ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ሶፍትዌሩ ካልነገሩት በቀር አየሩን የወደብ አየር አድርጎ ነው የሚያስበው። እሱም ሳያውቅ ሱሉልታን ጅቡቲ አድርጎ አስልቷት ነበር። ሱሉልታ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ እየዞረም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። «ብርዷን አየሁና አየሯን ረሳሁት» አለ። በዚህ ዕድሜዬ ማንም ሳይጠይቀው ተሳስቻለሁ ያለ ኢንጂነር አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ጋሮማን የሚያማ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

ከሱሉልታ በኋላ በእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ቴርሞሜትር ማስገባት ጀመረ፤ አንዱ ታች አየር መግቢያው ጋ፣ አንዱ ላይ መውጫው ጋ። ሲም ካርድም ጨመረበት። ሳጥኑ በየግማሽ ሰዓቱ «ታች 27፣ ላይ 41» እያለ ስልኩ ላይ በኤስኤምኤስ ይጽፍለታል። ላይኛው ስልሳ ካለፈ ደግሞ እስኪበርድ ድረስ በየአምስት ደቂቃው ይጽፋል፤ ሰማንያ ከገባ ራሱን ያጠፋል። ምሳ ስንበላ ስልኩ ሲጮኽ «ማናት ደግሞ ይቺ?» እለዋለሁ። «ሱሉልታ ናት፣ ደህና ውላለች» ይለኛል። እንዲህ ያለ እብድ ነበር።

ተፍኪ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክም ሳጥናችን ነበራት። ዱርሲቱ ያገባችው ተፍኪ ነው። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ቀብራለች። ሦስተኛው በሰባት ወሩ መጣ። ትንፋሽ ስለሚያጥረው የኦክስጅን ማሽን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ነው የሚውለው። ያን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው የጋሮማ ሳጥን ነው። የክሊኒኳን ነርስ፣ ሲስተር ድንቅቱን፣ «ከኦክስጅኑ በቀር ስልክ እንኳ እንዳትሰኪበት» ብሎ አስምሏታል።

እዚያ ሳጥን ላይ የእኔም እጅ አለበት። አለቃችን የድርጅቱ ስም ከፊት ለፊት ይታይ አለ። ጋሮማ «ጎኑ ላይ አድርገው ጋሼ፣ ፊቱን ተውልኝ» አለኝ። እኔ ነኝ ያልኩ ባለሙያ እሺ ልል! «አንተ ስለ ውበት ምን ታውቃለህ» ብዬ ስሙን በቀይ ያስጻፍኩበትን ትልቅ ታርጋ ከፊት፣ ልክ ከታችኞቹ ቀዳዳዎች በላይ መታሁት። ይሄን ያዙልኝ።

የ2009 መስከረም ሊያልቅ ሲል አገሩ ነደደ። ማስተር ፕላኑ ተሰርዟል ከተባለ ወራት አልፈው ነበር፤ የፈሰሰውን ደም ግን ማን ይሰርዘዋል? ሰበታ ላይ ከየአቅጣጫው ጥቁር ጭስ ይነሳል። ተኩስ ይሰማል። ኢንተርኔት የለም፣ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወርክሾፕ የገባነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ ዕቃዬን ልጠብቅ፣ እሱ ኮምፒውተሩን ትቶ አልሄድ ብሎ። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አየውና ከወንበሩ ተነሳ።

«ተፍኪ ናት። ታች 49፣ ላይ 61።»

«ማራገቢያው ሞቶ ይሆናላ» አልኩት።

«አይደለም። ማራገቢያው ቢሞት የሚወጣው ላይኛው ብቻ ነው፣ ታችኛው አይሞቅም ነበር። ሁለቱም አብረው ወጥተዋል። የሞቀው አየር ተመልሶ እየገባ ነው ማለት ነው። መግቢያውን የሆነ ነገር ዘግቶታል።»

ደወለ። የድንቅቱ ስልክ ዝግ ነው። ባትሪው ሞቷል፤ ቻርጅ እንዳታደርግ የከለከላት ደግሞ ራሱ ነው። የእህቱም ዝግ፣ የባሏም ዝግ። ሰው ሁሉ ጠፍቶ ሳጥኑ ብቻ በየአምስት ደቂቃው ይጽፋል። ጋሮማ ሶፍትዌሩን ከፈተና የተፍኪዋን ሳጥን አወጣ። ከታችኞቹ ቀዳዳዎች አብዛኞቹን ዘጋ፣ የቀኑን ፀሐይ ጨመረ፣ አስኬደው። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እኔ ወርክሾፑን ስዞር እሱ ጥፍሩን ይበላል። ስክሪኑ ላይ ያ ሰማያዊ የለም፤ ሳጥኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። የወጣው ቁጥርና ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሆነ። «ሰባት ሰዓት ላይ ሰማንያ ይገባል፣ ይዘጋል» አለ። እስክሪብቶ አንስቶ ግራ ክንዱ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ጻፈ፤ አንዱ እንደተዘጋ ከቆየ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሌላው ከተከፈተ በኋላ እንዴት እንደሚወርድ። ከዚያ «የሞተርህን ቁልፍ ስጠኝ» አለኝ።

«ሞተሬን? ለማን?» አልኩ። ጀግና ሆኜ አብሬው የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ሞተሬን ለሰው ስለማልሰጥ ነው። ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት እሱን ነው።

ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ከሰበታ መውጫ ላይ የጭነት መኪና እየነደደ መንገዱን ዘግቷል። ጎማው እየተራ ይፈነዳል። ከመኪናው አጠገብ አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቷል፤ ካርቶን ጣል አድርገውበታል፣ ካርቶኑ በደም ርሷል። ዱላና ድንጋይ የያዙ ጎረምሶች ከበቡን። አንዱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ እሱም ጠፋኝ። ስንተባተብ ዱላው አናቴ ላይ አረፈ። ዓይኔ በደም ተሸፈነ፣ ወደቅኩ። ሁለተኛው ሲመጣ ጋሮማ ከላዬ ተኛብኝ። «ኦቦሌሳ ኮቲ! ዲሳ!» ይላል፤ ወንድሜ ነው፣ ተዉት። ሦስት ዱላ ጀርባው ላይ ሲወርድ ቆጠርኩ፤ እያንዳንዱ እኔ ደረት ድረስ ይሰማል። እንደተኛብኝ ስለ ሕፃኑ ነገራቸው። ዱላቸውን አወረዱ። የመታኝ ራሱ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ የሞተሬ መብራት ላይ አሰረልን። በዚያ ሳምንት ቅጠል ያላሰረ የመንግሥት ነው ወይም የባለሀብት ነው ተብሎ ይቃጠል ነበር።

ትንሽ እንደሄድን ጋሮማ ጀርባዬን ደበደበኝ። «ቁም!» ቆምኩ። አንድ ወፍጮ ቤት እያየ ነው። የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በቅጠል ተሸፍኗል። ቀጥሎ ያለው ሱቅ በሩ ቅጠል ነው። የቆመው የውኃ ቦቴ ቅጠል ነው።

«ጋሼ፣ የተፍኪዋን ታርጋ የት ነበር የመታኸው?»

«ከፊት» አልኩት። ገብቶኛል። የክሊኒኳ ጥበቃ ኦቦ ዱቤ፣ ጎረምሶቹ ያን ቀይ ስም አይተው ሳጥኑን እንዳያቃጥሉት ብለው ሸፍነውታል። ስሙን ሲሸፍኑ ቀዳዳዎቹንም ሸፍነዋል። ወይኔ ገብረየስ! ያ ስም እዚያ የተለጠፈው ለእኔ ውበት ነው። ጋሮማ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ድንጋጤ ቅጠሉን ሳናነሳው መንገድ ላይ የቆሙ ወታደሮች ጋ ደረስን። ለጎረምሶቹ ቅጠል የሌለው ጠላት ነው፤ ለወታደሮቹ ቅጠል ያለው። ጎትተው አወረዱን። ሰደፍ ጋሮማ አፍ ላይ አረፈ፤ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋው። ስልኩን ቀሙት። «ታች 58፣ ላይ 70? ምንድነው ይሄ? ማነው የሚልክልህ?» ክንዱን አዩ፤ ሌላ ቁጥር። አለቀልን! «ኮድ ነው!» አሉና በጫማ ወረዱበት። የጎኑ አጥንት ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ ተንበርክኬ በአማርኛዬ በማርያም፣ በልጆቻችሁ እያልኩ ለመንኩ። የደረሰኝ አንድ ጥፊ ብቻ ነው። ለምን እሱን ያን ያህል፣ ለምን እኔን ይሄን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ጋሮማ መሬት ላይ እንደወደቀ «የሚጽፈው ማሽን ነው። ቀጥሎ 59፣ 71 ይላል። ጠብቁት» አላቸው። አሥር አለቃው እጁን አንስቶ አስቆማቸው። ጠበቅን። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመችብኝ የለችም። ስልኩ አሥር አለቃው እጅ ላይ ጮኸ። ታች 59፣ ላይ 71።

«ከዚያስ?» አለ አሥር አለቃው።

«ሰማንያ ሲገባ የእህቴ ልጅ ትንፋሽ ይቆማል።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አራት ቀኑ።»

ስልኩን ደረቱ ላይ ወረወረለት። «ያን ቅጠል ጣሉና ከፊቴ ጥፉ» አለን።

ተፍኪ ልንገባ ስንል ጎረምሶች እንደገና መንገዱን ይዘዋል። ያለ ቅጠል አይታለፍም። ጋሮማ «እጄ ላይ ልያዘው፤ ወታደር ካየን እጥለዋለሁ» አለ። አለፍን። ጥቂት እንደነዳሁ ከኋላችን የፒክአፕ ድምፅ ሰማሁ። «ጣለው!» ብዬ ጮኽኩ። ጣለው፤ ግን ወታደሮቹ አይተውታል። ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ጋሮማ አልጮኸም። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ፤ ጀርባዬ ላይ የሞቀ ነገር ወረደ። ከአስፋልቱ ወጥቼ ጭቃ ለጭቃ ማሳው ውስጥ ነዳሁ። ባሕር ዛፎች ጀርባ ቆሜ ቀበቶዬን ፈታሁና ከወገቤ ጋር አሰርኩት።

«ስንት ገባ?» አለኝ።

ስልኩን አየሁለት። «75።»

«ንዳ።»

ኦቦ ዱቤ ዱላቸውን ይዘው ሳጥኑ ፊት ቆመዋል። ሳጥኑ አይታይም። ከላይ እስከ ታች ቅጠል ለብሷል፤ ነፋስ እንዳይጥለው ብለው በሽቦ ጥፍር አድርገው አስረውታል። «ዛሬ ጠዋት ሊያቃጥሉት ሲመጡ ስሙን ቀድሜ ሸፈንኩት። አዳንኩት!» አሉኝ፣ ፊታቸው ፈክቶ። የአባቴን እኩያ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኳቸው። ጋሮማ ከጀርባዬ «ጋሼ፣ እሳቸውን ተዋቸው። መጀመሪያ ሳጥኑን» አለኝ። ግድግዳው ሥር አስደግፌው ሽቦውን በእጄ በጣጠስኩት፤ መዳፌ ተቦጫጨቀ። ማራገቢያው ቅጠሉን እየሳበ ቀዳዳዎቹ ላይ ለጥፎታል፤ አንድ በአንድ ላጥኩት። ታች 66፣ ላይ 78 ነበር። ሳጥኑ አየር ሲስብ ሰማሁት። ውስጥ የኦክስጅን ማሽኑ ድምፅ ለአፍታ አልተቋረጠም። ልጁ ተርፏል፣ ዛሬ ይሮጣል፤ እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል።

ሲስተር ድንቅቱ ወጥታ የጋሮማን ሸሚዝ ቀደደችው። ጥይቱ በጀርባው ገብቶ ሳንባውን አግኝቶታል። በተነፈሰ ቁጥር ቁስሉ አረፋ ያወጣል። «ኦክስጅን ካላገኘ አይቆይም። መጋዘን ሁለተኛ ማሽን አለኝ፣ አሁኑኑ እሰካዋለሁ» አለች።

«እንዳትሰኪ!» አለ። ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው እንጃ። «ሳጥኑ እንደጋለ ነው። ሁለተኛ ከተጨመረበት ባንዴ ይዘጋል፣ የልጁም ይቆማል። ላይኛው ሃምሳ አምስት ሲገባ ሁለት ይችላል።»

«መቼ ነው የሚገባው?»

ክንዱን አነሳና አየው። «ከተከፈተ በአርባ ደቂቃ።»

አበድኩ። «ተሳስተህ ቢሆንስ? ሱሉልታ ላይ ተሳስተህ አልነበር? ሲስተር፣ ሰኪው!» ብዬ ጮኽኩ።

«የተፍኪን ከፍታ አስገብቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለኝና ሳቀ፣ በዚያ በረገፈ ጥርሱ።

ዱርሲቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ እግሩ ሥር ወደቀች። ይሰካ ማለት አልቻለችም፣ አይሰካ ማለትም አልቻለችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ጋሮማ በኦሮምኛ፣ ወደ ልጅሽ ግቢ፣ አላት። አልሄደችም።

«አንብብልኝ» አለኝ። ስልኩን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «74» አልኩት። አምስት ደቂቃ። «70።» ክንዱ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። «67።» «ታችስ?» አለኝ። «45።» ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «64።» «61።» ከዚህ በኋላ ክንዱን ማንሳት አቃተው፣ እኔ ያዝኩለት። ኦቦ ዱቤ ራቅ ብለው ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ድንቅቱ ሁለተኛውን ማሽን ሳጥኑ አጠገብ አድርሳ ሶኬቱን በእጇ ይዛ ቆማለች። «59» አልኩት። ከንፈሩ ጠቁሯል። «57! ጋሮማ፣ ሁለት ቀረች! ሁለት ብቻ!»

አልጠየቀኝም ታችኛውን። ድንቅቱ ጎንበስ ብላ ጣቷን አንገቱ ላይ አደረገች፤ ቆየች። ከዚያ ሶኬቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዱርሲቱ ያን ጊዜ ጮኸች።

ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ታች 31፣ ላይ 55። ክንዱን አየሁ። ከደሙ ሥር እስክሪብቶው ይነበባል፤ 40 ደቂቃ፣ 55። አንዲት ደቂቃ አልተሳሳተም። እሱ የቆየው ሠላሳ ስድስት ነው። ጆሮው ላይ ጎንበስ አልኩና ታችኛውንም ላይኛውንም አነበብኩለት።